ከኒሙ ላይ ያወረድኩት ሐዲድ

ወንድሜን ከቀበሌ እስር ቤት ለማስወጣት ደቻቱን አጽጂ ተባልኩ። ነገሩ በአጭሩ ይሄ ነው። አቦ፣ ስንቱን ዓመት አፌን ይዤ ኖሬያለሁ፣ አሁን ልናገረውና ይውጣልኝ።

ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። ድሬዳዋን ለሁለት ይከፍላታል፣ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። የኛ ሰፈር ዳሩ ላይ ነበር። አሸዋው ላይ ሴቶች ጉድጓድ ጭረው ውሃ ይቀዳሉ፣ ልብስ ይታጠባል፣ ኳስ ይለጋል፣ ግመል ያርፋል፣ የከተማው ቆሻሻም እዚያው ይደፋል። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ደግሞ መሀሉ ላይ አንድ የተቃጠለ ካሚዮን ቀርቶ ነበር፣ የሚያነሳው ጠፍቶ።

ክረምት ሲመጣ ግን አሸዋው ይከዳል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይዋ አናትህን እየበሳች፣ ደንገጎ ተራራ ላይ ይዘንባል። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ውሃው ድንገት ይደርሳል፣ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ። በክረምት ከምሳ በኋላ አሸዋ ላይ የሚቆይ የድሬ ሰው የለም። የቆየ ቢኖር ሐዲዱ ይጠራዋል።

ሐዲዱ ማለት ክንድ ተኩል የሚሆን ቁራጭ የባቡር ሐዲድ ነው። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ካለ የኒም ዛፍ በወፍራም ሽቦ ተንጠልጥሏል። የሰቀለው አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፣ ኦሮሞ ሽማግሌ። ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ እዚያ ሥር ይቀመጣል፣ ዓይኑን ከመታጠፊያው አይነቅልም። ውሃው ብቅ ሲል መዶሻውን ያነሳና ይቀጠቅጠዋል፣ ድምፁ እስከ ገበያው ይሰማል። የሾመው የለም፣ የሚከፍለው የለም። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ወንድሜ ከእሱ ጎን ጠፍቶ አያውቅም፣ ሐዲድ አመታቱንም ያስተማረው እሱ ነው።

ወንድሜን የወሰዱት ፍራሹ ውስጥ የተከለከለ ወረቀት አገኘን ብለው ነው። ወረቀቱን እኔም አላየሁት፣ እሱም አላየው። ወፌ ላላ ገልብጠው ሰቅለው የውስጥ እግሩን ገረፉት። እኔ በየቀኑ ምሳውን እወስድለት ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ጩኸት ስሰማ የእሱ ይሁን የሌላ ሰው ለመለየት ጆሮዬን እተክላለሁ፣ የሌላ ሰው ከሆነ ተመስገን እላለሁ። እንዲህ ያለች አውሬ ሆኜ ነበር። አንድ ቀን ሳህኑ ሲመለስ ጠርዙ ላይ የደም ጣት አሻራ ነበረበት። ቤት ወስጄ ሳላጥበው ሁለት ቀን አስቀመጥኩት።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከአብዮቱ በፊት መጋላ ውስጥ ሱሪ የሚያሳጥርልን ልብስ ሰፊ ነበር። አሁን ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ አለንጋ አለ። እኔ የወጣት ማኅበሩ አባል ነበርኩ፣ ምላሴም ስለታም መሆኑን ያውቃል። አስጠራኝ።

«እሁድ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ደቻቱ መስታወት መምሰል አለበት» አለኝ። «ሕዝቡ ደግሞ በገዛ ፈቃዱ ነው የሚወጣው። ገባሽ? በገዛ ፈቃዱ! ከየቤቱ አንድ ሰው። አንድ ቤት ቢቀር ወንድምሽ እዚያው ይበሰብሳል። ሁሉም ከወጣ እሁድ ማታ እቤትሽ ራቱን ይበላል።»

«ቃልህ ነው?»

«የአብዮቱ ቃል ነው» አለና ወደ አለንጋው ተመለከተ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየበሩ ዞርኩ። የበጎ ፈቃድ ጽዳት ነው እያልኩ የማይመጣውን የቀበሌ ሱቅ ካርዱን እንደማስነጥቀው እነግረዋለሁ። አንዱ ሽማግሌ ሳቀና «እንዲህ ያለ ፈቃድ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ወላሂ» አለኝ። አልሳቅኩም። በሩን በእርግጫ መታሁበት።

ከኛ ግድግዳ ለግድግዳ የምትኖር አንዲት ሶማሌ ጎረቤት ነበረችን። እናቴ ስትታመም አጥባ፣ አብልታ ያስታመመቻት እሷ ናት። ባሏ ለንግድ ወጥቶ ጦርነቱ ከወዲያ ማዶ አስቀርቶታል። ከወለደች ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነው።

«አራስ ነኝ እኮ፣ እህቴ» አለችኝ። «ደሙ እንኳ አልቆመልኝም።»

«ከየቤቱ አንድ ሰው ነው የተባለው!»

«አቦ ምን ነካሽ? በኔ ቤት ማን አለና?»

በጥፊ አልኳት። እጄ ከኔ ቀድሞ ነው የሄደው ብል ውሸት ነው፣ አስቤ ነው የመታኋት። የሷ አንድ ቤት ወንድሜን ሲያስቀርብኝ ታየኝ። ሕፃኑ ጮኸ። እሷ ጉንጯን ይዛ «እሺ፣ እመጣለሁ» አለች።

ሰውን በሰዓቱ ለማውጣት መጥሪያ ያስፈልጋል። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተበላሽቷል። ያኔ ነው ሐዲዱ ትዝ ያለኝ። ሄድኩና ሽማግሌውን ለመንኩት። ድሬ ላይ ለሽማግሌም «አንተ» ነው የምንለው፣ ንቀት አይደለም፣ አፋችን እንዲያ ነው የለመደው።

«አባባ፣ ሐዲዱን ለአንድ ቀን ስጠኝ። ቀበሌው በር ላይ ሰቅዬ ሰው እጠራበታለሁ። ሰኞ ጠዋት እመልስልሃለሁ።»

ጫቱን በጉንጩ እያላመጠ «ክረምት ነው፣ ኢንታላ ኮ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው። «በበጋ ብትጠይቂኝ ራሴ ተሸክሜ አመጣልሽ ነበር።»

«ጠዋት ነው የምናጸዳው። ከምሳ በፊት ያልቃል።»

«ካላለቀስ?»

«ወንድሜ እኮ እስር ቤት ነው ያለው! ላንተም ልጅህ ማለት ነው!»

«አውቃለሁ። እሱንም ብትጠይቂው አውርዱ አይልሽም።»

ይሄ አነጋገሩ ነው ደሜን ያፈላው። ወንድሜን ከኔ በላይ የሚያውቀው መሰለኝ። ምናልባት ያውቀው ነበር። እየሮጥኩ ሄጄ አንድ አብዮት ጠባቂ ይዤ መጣሁ። ሽማግሌው ዛፉን አቅፎ ቆመ። ጠባቂው በሰደፍ ደረቱን መታው፣ ሲንበረከክ ደግሞ ትከሻውን ደገመው። ጫቱ አፈሩ ላይ ተበተነ። እኔ ቆሜ አየሁ። ተው፣ አትምታው፣ ሽማግሌ ነው፣ ከነዚህ አንዱም ከአፌ አልወጣም። ሽቦውን የፈታሁት በገዛ እጄ ነው። ጫፉ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ቀበሌው በር ላይ ቆሜ ሐዲዱን ቀጠቀጥኩት። ሰው ወጣ። አንድም ቤት አልቀረም። አራሷ ሕፃኗን በሻሽ ደረቷ ላይ አስራ መጣች፣ ፊት ለፊቴ አልፋ አላየችኝም። መጥረጊያ፣ አካፋ፣ የተቀደደ ጆንያ ይዘው እየዘመሩ ወረዱ። አላፍርም፣ ደስ አለኝ። ማታ ወንድሜ ቤቴ ሲበላ ታየኝ።

ጥቂት እንደቆየ አንዱ ቀልደኛ ሐዲዱን ያለ ሰዓቱ ደበደበውና ግማሹ ሰው ሥራ ትቶ ወደ ቀበሌው መጣ። ሊቀመንበሩ ጮኸብኝ፣ ሰው ሁሉ እያየ «ደነዝ!» ብሎ በአለንጋው እግሬን ሾጠኝ። ንዴቴን የማወርድበት አጣሁ። በር ላይ የቆመውን ጠባቂ ጠራሁና እንዲህ አልኩት፣ «ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው። የነካውን በሰደፍ በለው።»

«ማንም?» አለኝ።

«ማንም!»

አሸዋው ላይ ሥራው ከባድ ነበር። የሞተ አህያ ጎትተን ቀበርን። የዛገ ቆርቆሮ የሰው እጅ ቆረጠ። ፀሐይዋ ጠዋትም ያው ነች፣ አሸዋው ጫማ ያቃጥላል። ቆም ያለውን ጠባቂዎቹ በዱላ ይነኩታል፣ እኔም በምላሴ እገርፈዋለሁ። ካሚዮኑን ለማንሳት ደግሞ እስረኞቹን አመጧቸው። ሁለት ሁለት እየሆኑ አንጓቸው ላይ በገመድ ታስረዋል። ወንድሜ መጨረሻው ላይ ነበር፣ በተረከዙ ነው የሚራመደው፣ እንቁላል ላይ የሚሄድ ይመስላል። ሲያየኝ ፈገግ አለ። ከፊት ጥርሶቹ ሁለቱ የሉም። ከዚያ ከልማዱ ወደ ኒሙ ዞረ። ባዶውን ሽቦ አየ። መልሶ እኔን አየኝ። ፊቴን አዞርኩ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ እንግዶቹ አልመጡም። አሸዋው ጸድቷል፣ ካሚዮኑ ብቻ አልነቃነቅ ብሏል። ሰው ወደ ላይ መመልከት ጀመረ፣ ወደ ደንገጎ። ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጧል። ሁለት ሴቶች ጆንያቸውን ጥለው መውጣት ጀመሩ፣ አንደኛዋን ጠባቂው ጀርባዋን በዱላ ብሎ መለሳት። «እንግዶቹ ሳይመጡ ንቅንቅ የለም!» አለ ሊቀመንበሩ።

ወደ እሱ ሄድኩ። እውነት ለመናገር ፈርቼ ነበር። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ክረምት ነው። ከምሳ በኋላ አሸዋ ላይ...»

«ወንድምሽን ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

ተመለስኩና መውጣት የሚፈልጉትን ሴቶች እኔው ራሴ በመጥረጊያ እንጨት ወደ አሸዋው ገፋሁ። አራሷ ጥላ አጥታ ካሚዮኑ ሥር ተቀምጣ ታጠባ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ግማሹን ያየሁት ነው፣ ግማሹን በር ላይ የነበረው ጠባቂ በኋላ የነገረኝ ነው። ሽማግሌው ደረቱ አብጦ ያን ቀንም ከዛፉ ሥር አልጠፋም። ውሃው መታጠፊያው ላይ ብቅ ሲል መዶሻውን ይዞ ተነሳ። እጁን ከልማዱ ወደ ሐዲዱ ሰደደ፣ ሐዲድ የለም። ይሄኔ ወደ ቀበሌው በር ሮጠ። መዶሻውን ሲያነሳ ጠባቂው ትዕዛዜን ፈጸመ። ግንባሩን በሰደፍ አለው። «ሎላ ነው፣ ልጄ፣ ሎላ!» ብሎታል። ጠባቂው ከደጋ የመጣ ነበር፣ ሎላ ማለት ጎርፍ መሆኑን አያውቅም። ሽማግሌው ተነስቶ እንደገና ሐዲዱን ሊመታ ሞከረ፣ ጠባቂው እንደገና መታው። ሦስተኛ አልሞከረም። ዓይኑ ውስጥ የገባውን ደም ጠረገና ወደ እኛ ቁልቁል ሮጠ።

እኛ እየዘመርን ነበር። መጀመሪያ የታየኝ ፊቱ በደም የተለበጠ ሰው እጁን እያወናጨፈ ከዳሩ ሲዘል ነው። «ሎላ! ሎላ!» ይላል። ከዚያ በኋላ ድምፁን ሰማነው፣ ጠጠር የጫነ ባቡር ድልድይ ላይ ሲያልፍ እንደሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። ሰው ሁሉ ወደ ዳር ሮጠ። የመጀመሪያው ሯጭ ሊቀመንበሩ ነበር። ሰው በሰው ላይ ተረማመደ፣ አንዲት ሴትዮ ወድቃ እጇን ረገጧት፣ የአጥንቱን ስብራት ሰማሁት።

እስረኞቹ መሀል ላይ ናቸው፣ ካሚዮኑ ጋ። ሊሮጡ ሲሉ አንዱ ጠባቂ «እስረኛ አይነቃነቅም!» ብሎ ወደ ሰማይ ተኮሰ፣ ከዚያ መሣሪያውን ደቅኖባቸው ወደ ኋላ እየተራመደ ወጣ። ሞኝ፣ ከጎርፉ ይልቅ እነሱ ያመልጡኛል ብሎ ፈራ። ሽማግሌው ከሁላችን በተቃራኒ ወደ መሀል ሮጠ። ከሽርጡ ቢላዋውን አወጣና ገመዶቹን ይበጥስ ጀመር። አራሷን ከነልጇ እየገፋ አስነሳት፣ ሮጠች፣ ወጣች። ወንድሜ መሮጥ አልቻለም። ሽማግሌው በብብቱ ይዞ እየጎተተው ወደኔ መጣ፣ እኔ ዳሩ ላይ በደረቴ ተኝቼ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

ውሃው ወገባቸው ላይ ደረሰ። ቡናማ ነው፣ አረፋ አለው፣ ውስጡ ቆርቆሮ፣ ግንድ፣ የቀበርነው አህያ አለ። ወንድሜን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሽማግሌው ከታች ገፋልኝ። ከዚያ እጁን ወደኔ ዘረጋ። ወንድሜ «እሱን! እሱን ያዢው!» ብሎ ጮኸ። አንድ እጄን መልቀቅ ነበረብኝ። አልለቀቅኩም። አንድ ግንድ መጥቶ ሽማግሌውን ከጎኑ መታው፣ እጁ ተዘርግቶ እንዳለ ሄደ። ካሚዮኑም ተንቀሳቀሰ፣ እስረኞቹ ሲገፉት የዋሉት፣ እንደ ክብሪት ቀፎ ተገልብጦ ሄደ። ከእስረኞቹ ሁለቱ ከሥሩ ነበሩ። የተረፉትን፣ ጎትቼ ያወጣሁትን ወንድሜንም ጭምር፣ ጠባቂዎቹ መልሰው እስር ቤት አስገቧቸው።

እንግዶቹ በማግሥቱ መጡ። ጎርፉ አልፎ አሸዋው እንደ ተጠረገ ግቢ ጸድቷል፣ ካሚዮን የለ፣ ቆሻሻ የለ። ሊቀመንበሩ «ሰፊው ሕዝብ በገዛ ፈቃዱ ያጸዳው ነው» አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔም በሰልፉ ውስጥ ቆሜ ነበር፣ አጨበጨብኩ። እነሆ ይሄንንም ተናገርኩት። የሽማግሌውን ሬሳ በዚያው ሰዓት ከከተማው ታች ካለው ሜዳ ላይ እሾህ ውስጥ አገኙት።

ሊቀመንበሩ ቃሉን ጠበቀ፣ አንድ ቀን ዘግይቶ። ወንድሜ ሰኞ ማታ ቤት ገባ። የሚወደውን ፓስታ ሠርቼ፣ ሥጋ ለምኜ፣ በርበሬ አብዝቼ አቀረብኩለት። ሳህኑን አልነካውም።

«ሐዲዱን ማን አወረደው?» አለኝ።

«ቀበሌው።»

«ቀበሌው ማነው?»

አስቀድሞ ሁሉንም ሰምቷል፣ በዓይኑ አወቅኩት። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«የነካውን ምታው ያለችውስ?»

«እኔ ነኝ። ለአንተ ብዬ ነው!»

ሳህኑን በአንድ ጣቱ ቀስ አድርጎ ወደኔ ገፋው። «ለእኔ ብለሽ አትበይ» አለ። «ሁለተኛ እንዳትዪው።» አልጮኸም። ቢጮህ፣ ሳህኑን ፊቴ ላይ ቢገለብጠው እወድ ነበር። እስር ቤት ሳለ በየቀኑ የበላው ከእኔ እጅ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የሽማግሌው ሚስት ጋ እየሄደ ይበላ ጀመር። እኔን አያናግረኝም። ሐዲዱን ከቀበሌው በር አውርዶ፣ በዚያ እግሩ ተሸክሞ ወስዶ፣ ኒሙ ላይ ሰቀለው። የከለከለው የለም። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ከሥሩ የሚቀመጠው እሱ ሆነ።

ስንት ክረምት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ንዴትም ይሁን እልህ፣ ወይም ያ ዝምታው ሰልችቶኝ፣ ልብስ አጥቤ ስጨርስ አሸዋው ላይ ቀረሁ። ሐዲዱ ተመታ። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን እያነሱ ወጡ። ያቺ የመታኋት ጎረቤቴ ከዳር ሆና «አቦ ነይ ውጪ! አበድሽ እንዴ?» እያለች ትጮሃለች። እኔ ተቀመጥኩ። መጥቶ ያውጣኝ አልኩ። መጥቶ በፀጉሬ ይጎትተኝ፣ ይምታኝ፣ ብቻ ይምጣ።

ወንድሜ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። መዶሻውን አልጣለም። ወደ ታች ደግሞ ሌሎች ሴቶች አሉ፣ ግመል የሚያሻግሩ ሰዎች አሉ፣ እነሱ ገና አልወጡም። ይቀጠቅጣል፣ እንባው ይወርዳል፣ አፉ ይከፈታል ይዘጋል፣ ምን እንደሚል አይሰማኝም፣ መዶሻው ግን አንድም ጊዜ አላረፈም። ለእኔ ብሎ አላቆመም። ያኔ ነው ሽማግሌው «እሱንም ብትጠይቂው አውርዱ አይልሽም» ያለኝ የገባኝ፣ ስንት ዓመት ቆይቶ። ተነስቼ ሮጥኩ። ዳሩን ስይዝ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ገረፈኝ።

ዛፉ ጋ ስደርስ መዶሻውን አስቀምጦ ነበር። መዳፉ ተልጦ ይደማል። እየተነፈሰ «ሁሉም ወጣ?» አለኝ። ከዚያ ማታ ወዲህ የመጀመሪያ ንግግሩ ነው።

ወደ ታች ተመለከትኩ፣ አንድ በአንድ አየሁ። «ሁሉም ወጥቷል» አልኩት።

«ውሃ ስጪኝ።»

ከጎረቤቴ ጀሪካን ቀድቼ ሰጠሁት። ውሃውን ከእጄ ተቀብሎ ጠጣ። ምግቤን ግን እስኪሞት አልቀመሰም።